ሴልብሪ፦ ከራሱ ቋንቋ የተወለደ የሰዋስው ስያሜ

ጤና ይስጥልኝ! ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ሴልብሪ» ይባላል። ሎዥባን በሚባል ቋንቋ ውስጥ ያለ የሰዋስው ስያሜ ነው። ሎዥባን የኔ የሚለው አገር የለውም። ሰዎች ቁጭ ብለው፣ አስበው፣ ተከራክረው የሰሩት ቋንቋ ነው። ሴልብሪ እኛ «ማሰሪያ አንቀጽ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱን ቀስ እያልን እንደርስበታለን።

የቃል አመጣጥ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ድሮን ነው። ከአማርኛ ወደ ግዕዝ እንወጣለን። ከዚያ ዓረብኛውን፣ ዕብራይስጡን እናመሳክራለን። የሆነ ቦታ ላይ መንገዱ ይጠፋብናል። ቃሉን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተናገረው፣ ለምን ያንን ድምፅ እንደመረጠ ማወቅ አይቻልም። በተሰራ ቋንቋ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቃሉ መቼ እንደተወለደ ይታወቃል። የሰሩት ሰዎች ይታወቃሉ። የተሰራበት ዘዴ እንኳ ተጽፎ ተቀምጧል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም። የሚገርመኝ፣ ሁሉንም ነገር ከዜሮ የጀመሩ ሰዎች የሰዋስው ስያሜ ላይ ሲደርሱ የሚያደርጉት ነገር ነው። ስሙን፣ ግሱን፣ ቁጥሩን ሁሉ አዲስ ይፈጥራሉ። «ስም»፣ «ግስ»፣ «ተሳቢ» የሚሉትን ስያሜዎች ግን ብዙ ጊዜ ከድሮው መጽሐፍ እንዳለ ያነሳሉ። አዲስ ቤት ሠርቶ የድሮውን በር እንደመግጠም ነው። ሎዥባን ከዚህ ልማድ የወጣ ቋንቋ ነው። ሴልብሪን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ልማዱን እንየው።

ኢስፔራንቶን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ስሙን ሰምታችኋል። ሉድቪክ ዛሜንሆፍ የሚባል ሐኪም በ1887 ዋርሶ ላይ ያሳተመው ቋንቋ ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢስፔራንቶ ውስጥ ስም ሁሉ በ«ኦ» ያልቃል። ቅጽል ሁሉ በ«አ» ያልቃል። ተሳቢ የሆነ ቃል ደግሞ መጨረሻው ላይ አንዲት ድምፅ ይጨመርበታል። የትኛዋ ድምፅ እንደሆነች ስነግራችሁ ደስ ይላችኋል፤ «ን» ናት። «ላ ሁንዶ ቪዳስ ላ ካቶን» ማለት «ውሻው ድመቷን ያያል» ማለት ነው። ካቶ ድመት ናት፤ ተሳቢ ስትሆን ካቶን ትሆናለች። እኛም ድመቷን እንላለን። ዛሜንሆፍ ይህችን «ን» ያገኘው ከአማርኛ አይደለም፤ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው። ግን አማርኛ ተናጋሪ ኢስፔራንቶ ሲማር ሌላው ተማሪ የሚሰናከልበትን ነገር በቀላሉ ያልፈዋል።

ለዚህች «ን» ኢስፔራንቶ የሰጣት ስያሜ «አኩዛቲቮ» ነው። ከላቲን የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ይጠቀሙበታል። ሥሩ መክሰስ ማለት ነው። ለመሆኑ ድመቷ መታየቷ ከክስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ምንም። ነገሩ የትርጉም ስህተት ነው። የጥንት ግሪኮች ይህንን የስም ሁኔታ «አይትያቲኬ» ይሉት ነበር። ቃሉ የተያያዘው «አይትያ» ከሚለው ጋር ነው። አይትያ ሁለት ፍቺ አለው፤ ምክንያት ማለትም ይሆናል፣ ክስ ማለትም ይሆናል። ግሪኮቹ ያሰቡት የመጀመሪያውን ነው። ድርጊቱ ያስከተለው፣ ድርጊቱ ያረፈበት ነገር ማለታቸው ነበር። የሮም የሰዋስው ሊቃውንት ወደ ላቲን ሲመልሱት ሁለተኛውን ፍቺ ያዙ። ከዚያ በኋላ ማንም አላረመውም። ስህተቱ ሁለት ሺህ ዓመት ተሻግሮ፣ ስህተት እንዳይኖርበት ታስቦ በተሰራ ቋንቋ ውስጥ ገባ።

ዛሜንሆፍን ለመውቀስ አይደለም። ሰው ሁሉ የለመደውን ስያሜ ቢያስቀምጥ ለተማሪ ይቀላል ብሎ ነው። ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። እኔ የምለው ምን መሰላችሁ፤ ስያሜው ስለ ኢስፔራንቶ የሚነግረን ነገር የለም። ስለ ሮም ነው የሚነግረን።

ከኢስፔራንቶ ትንሽ ቀደም ብሎ ቮላፒዩክ የሚባል ቋንቋ ነበር። ዮሐን ማርቲን ሽላየር የሚባል ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ በ1880 ነው ያወጣው። እሱ ስያሜውን ራሱ ለመሥራት ሞክሯል። «ኪም» ማን ማለት ነው፤ «ኪሚ» ደግሞ ማንን። ስለዚህ ተሳቢውን «ኪሚፋል» አለው፤ «የማንን ፋል» እንደማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ስያሜው ውስጥ ራሱ ጥያቄው አለ። «ፋል» የምትለው ክፍል ግን ከጀርመንኛ የመጣች ናት፤ መውደቅ ማለት ናት። ጀርመኖች የስምን ሁኔታ «መውደቅ» ያሉት ላቲኖቹ እንደዚያ ስላሉት ነው። ላቲኖቹ ደግሞ ግሪኮቹን ተከትለው ነው። ሽላየር ግማሹን አዲስ አደረገ፤ ግማሹ ከግሪኮቹ ጋር እንደወደቀ ቀረ።

ወደ እኛው ቃል ልመለስ።

በ1955 ጄምስ ኩክ ብራውን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ሎግላን የሚባል ቋንቋ መሥራት ጀመረ። ዓላማው ሙከራ ነበር። ሰው የሚናገረው ቋንቋ አስተሳሰቡን ይቀርጸዋል ወይ የሚል ክርክር በዚያን ጊዜ ጦፏል። ብራውን ያሰበው እንዲህ ነው፦ ሙሉ በሙሉ በሎጂክ ላይ የቆመ፣ ከየትኛውም ሕዝብ ቋንቋ የተለየ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ሠርቶ ሰዎችን ማስተማር፤ ከዚያ አስተሳሰባቸው ተለውጦ እንደሆነ ማየት። በ1960 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ስለ ሥራው ጽፎ ብዙ ሰው ተከተለው።

ከዓመታት በኋላ ጠብ መጣ። የብራውን ተቋም የቋንቋው ቃላት የኔ ንብረት ናቸው አለ። ቋንቋው የተናጋሪዎቹ መሆን አለበት የሚሉ ሰዎች ደግሞ በ1987 ተለይተው ወጡ። ቦብ ለሸቫሊየር የሚባል ሰው ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ሎጂካል ላንጉዊጅ ግሩፕ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ሰዋስው በማንም አይያዝም፤ ቃላቱ ግን ያከራክራሉ። ስለዚህ ቃላቱን በሙሉ ከሥር ጀምረው እንደ አዲስ ሠሩ። ስሙንም ለወጡ። ሎዥባን ያሉት ያኔ ነው፤ «ሎግዢ» ሎጂካዊ፣ «ባንጉ» ቋንቋ ማለት ነው፤ ሁለቱ ተቆርጠው ተጋጠሙ። «ሎግላን» በሚለው ስም ላይ የነበረው የንግድ ምልክት ክርክር በ1992 አሜሪካ ፍርድ ቤት ላይ በአዲሶቹ አሸናፊነት ተዘጋ። እንግዲህ ሴልብሪ የሚለው ቃል የተወለደው በጠብ ምክንያት ነው። ሁለቱ ወገኖች ባይጣሉ ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ቃል አላወራችሁም ነበር።

አሁን ቃሉን እንፍታው። ሁለት ቁራጭ አለው፦ «ሴል» እና «ብሪ»።

«ብሪ» የተቆረጠው «ብሪዲ» ከሚል ሥርወ ቃል ነው። ሎዥባን ከ1300 በላይ ሥርወ ቃላት አሉት። ጊስሙ ይባላሉ። ሁሉም አምስት ፊደል አላቸው፤ ሁሉም በአናባቢ ያልቃሉ። ፊደል ስል በላቲን ፊደል ማለቴ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፉ ያጥራሉ። አብዛኞቹ የተሰሩት በኮምፒውተር ስሌት ነው። ስሌቱን ላስረዳችሁ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህንን ነው።

ሠሪዎቹ ስድስት ቋንቋዎችን ወሰዱ፦ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሂንዲ፣ ስፓኒሽ፣ ሩስኛና ዓረብኛ። ለእያንዳንዱ በተናጋሪው ብዛት ልክ ክብደት ሰጡት። ቻይንኛ ከመቶ 36 ያዘ፤ እንግሊዝኛ 21፣ ሂንዲ 16፣ ስፓኒሽ 11፣ ሩስኛ 9፣ ዓረብኛ 7። አንድ ጽንሰ ሐሳብ ይወሰዳል። በስድስቱም ቋንቋ ምን እንደሚባል ይጻፋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚፈቀዱትን የፊደል ቅንብሮች ሁሉ እየሠራ፣ እያንዳንዱ ቅንብር ከስድስቱ ቃላት ጋር ስንት ድምፅ እንደሚጋራ ይቆጥራል። ብዙ ነጥብ ያገኘው ቃል ይሆናል። ሐሳቡ የመጣው ከብራውን ነው፤ እሱ ቋንቋዎቹን ስምንት አድርጎ ነበር የጀመረው።

ሰማያዊ «ብላኑ» ይባላል። ቻይንኛው «ላን» ነው፤ እንግሊዝኛው «ብሉ»። ብላኑ ውስጥ ሁለቱም ይሰማሉ። «ናንሙ» ወንድ ሰው ነው። ቻይንኛው «ናን»፣ እንግሊዝኛው «ማን»። እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንዲት ትንሽ ቃል ውስጥ የራሱን ድምፅ ያገኛል። አማርኛ ከስድስቱ ውስጥ የለችም። ነገር ግን «ሴምቶ» የሚል ሥርወ ቃል አለ፤ ሴማዊ ማለት ነው። በሎዥባን ስለ አማርኛ ዘር ማውራት የፈለገ ሰው እሱን ይጠቀማል።

ከስሌቱ ውጪ የተሰሩ ጥቂት ሥርወ ቃላትም አሉ። ሴምቶ ከነሱ አንዱ ነው። የባህልና የአገር ስሞች እንደዚህ ናቸው። ከሰዋስው ስያሜዎችም አሉበት። ሰዋስዋዊ ተግባር ብቻ ያላቸው ጥቃቅን ቃላት «ሽማቮ» ይባላሉ፤ «ሽማሉ» ትንሽ፣ «ቫልሲ» ቃል ማለት ስለሆነ «ትንሽ ቃል» ማለት ነው። ጥምር ቃል ደግሞ «ሉዥቮ» ይባላል፤ «ፕሉዣ» ውስብስብ ማለት ነው፤ «ውስብስብ ቃል»። እነዚህን በእጅ የተሰሩ ቃላት በመጨረሻቸው ትለዩዋቸዋላችሁ፤ ሁለት ዓይነት ቃላት ሲቀሩ በ«ኦ» ነው የሚያልቁት። ብሪዲ በ«ኢ» ያልቃል። ስለዚህ እሱ የስሌት ልጅ ነው።

ብሪዲ ምን ማለት ነው? እዚህ ጋ ስለ ሎዥባን አንድ መሠረታዊ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እያንዳንዱ ሥርወ ቃል ከነወንበሮቹ ነው የሚመጣው። «ዱንዳ» መስጠት ነው። ሦስት ቦታ አለው፦ አንደኛው ሰጪው፣ ሁለተኛው የተሰጠው ነገር፣ ሦስተኛው ተቀባዩ። «ክላማ» መሄድ ነው፤ አምስት ቦታ አለው፦ ሂያጁ፣ መድረሻው፣ መነሻው፣ የሚያልፍበት መንገድ፣ መጓጓዣው። ቅደም ተከተሉ በመዝገበ ቃላቱ ተወስኗል፤ አይቀየርም።

ብሪዲም ሥርወ ቃል ስለሆነ የራሱ ቦታዎች አሉት። ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ አንድ ነገር የሚናገር አረፍተ ነገር። ሁለተኛው፣ ያ አረፍተ ነገር የሚናገረው ግንኙነት። ሦስተኛው፣ በግንኙነቱ ውስጥ ያሉት ተሳታፊዎች። «አልማዝ ለከበደ መጽሐፍ ሰጠች» ስንል ሙሉው አባባል ብሪዲ ነው። መስጠት የሚለው ግንኙነት ሁለተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል። አልማዝ፣ መጽሐፉና ከበደ ሦስተኛው ቦታ ላይ ናቸው።

እሺ፤ «ሴል» ምንድን ነው?

ሎዥባን ውስጥ «ሴ» የምትባል ትንሽ ቃል አለች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው፤ አንደኛውንና ሁለተኛውን ቦታ ታለዋውጣለች። «ፕራሚ» ማፍቀር ነው፤ አንደኛው አፍቃሪ፣ ሁለተኛው ተፈቃሪ። «ሚ ፕራሚ ዶ» እወድሃለሁ ማለት ነው። «ዶ ሴ ፕራሚ ሚ» ስንል ቦታው ተለዋወጠ፤ በእኔ ትወደዳለህ ሆነ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። ወደደ ብለን «ተ» ጨምረን ተወደደ እንላለን። ወዳጅ ብለን ተወዳጅ እንላለን። ፈላጊና ተፈላጊ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ እንዲሁ ይቀጥላል።

ሎዥባን ግን ሁለተኛው ላይ አይቆምም። «ቴ» አንደኛውንና ሦስተኛውን ታለዋውጣለች። «ቬ» አራተኛውን፣ «ኼ» አምስተኛውን ወደ ፊት ታመጣለች። እኛ ሰጪ፣ ስጦታ እንልና ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ሌላ ግስ መፈለግ አለብን፤ ተቀባይ እንላለን። ሎዥባን ሦስቱንም ከዱንዳ ያወጣቸዋል። ከክላማም መድረሻን፣ መነሻን፣ መንገድን፣ መጓጓዣን በተራ ያወጣል፤ ሴልክላ፣ ቴርክላ፣ ቬልክላ፣ ኼልክላ። እንደምታዩት ጥምር ቃል ውስጥ ሲገቡ ሴ «ሴል» ትሆናለች፣ ቴ ደግሞ «ቴር»። ሥርወ ቃሉም ይቆረጣል።

አሁን ቃሉ በራሱ ተፈታ። ሴል ሲደመር ብሪ፤ «ሁለተኛው የብሪዲ ቦታ»። አረፍተ ነገሩ የሚናገረው ግንኙነት ማለት ነው። ሴልብሪ ይኸው ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ የንግግሬ እምብርት ይህ ነው። ተወዳጅ ለማለት ሎዥባን «ሴልፓሂ» ይላል። ፓሂ ማለት ፕራሚ ሲቆረጥ የሚሰጠው ነው። ሴልፓሂና ሴልብሪ በአንድ መንገድ የተሰሩ ቃላት ናቸው። አንዱን ፍቅረኛውን የሚጠራ ሰው ይጠቀምበታል፤ ሌላውን የሰዋስው መምህር። ልዩ የሊቃውንት ቋንቋ የለም። ስያሜው ለማንኛውም ቃል በተከፈተው መንገድ ነው የወጣው። ሴልብሪ የሚለውን ቃል የተረዳ ተማሪ ሥርወ ቃል፣ የቦታ ቅደም ተከተል፣ የቦታ ለውጥ፣ የቃል ማጣመር፤ አራት የሰዋስው ትምህርት አብሮ ተምሯል። አኩዛቲቮን የተረዳ ተማሪ ግን ያወቀው የሮማውያንን ስህተት ነው።

ወንድምና እህት ስያሜዎችም አሉት። ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሌላውን ሲገልጽ «ታንሩ» ይባላል። «ብላኑ ዝዳኒ» ሰማያዊ ቤት ነው። ታንሩም አምስት ቦታ አለው፤ ለዛሬ የሚያስፈልጉን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው፦ አንደኛው ጥምረቱ፣ ሁለተኛው ገላጩ፣ ሦስተኛው ተገላጩ። ስለዚህ ገላጩ «ሴልታው» ይባላል፤ ተገላጩ «ቴርታው»። ብላኑ ሴልታው ነው፤ ዝዳኒ ቴርታው። ማንም መሸምደድ አያስፈልገውም። የታንሩን ቦታዎች ያወቀ ሰው ሁለቱንም ስያሜዎች ሳይነገረው ራሱ ይሠራቸዋል።

እኛም እንዲህ ዓይነት ውበት አለን፤ አለማንሳት ንፉግነት ይሆንብኛል። «ተሳቢ» ስንል ሳበ የሚለው ግስ በውስጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ማሰሪያ አንቀጽ» ውስጥ ማሰር አለ፤ አንቀጽ በግዕዝ በር ነው። «ሰዋስው» ራሱ መሰላል ማለት ነው። አባቶቻችን ስያሜውን ከቋንቋው ሆድ ነው ያወጡት። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ምሳሌያዊ ናቸው። ድመቷን ማንም አይስባትም። ሴልብሪ ውስጥ ምሳሌ የለም። የተባለው በቀጥታ የተባለ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ለምን ዝም ብለው ግስ አይሉትም?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስ ተማሪ መጽሐፉን ገልጦ መጀመሪያ ላይ ብሪዲ፣ ሴልብሪ፣ ሱምቲ፣ ጊስሙ፣ ሽማቮ ሲዘንብበት ይደነግጣል። ብዙዎች እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ አቅልዬ አላየውም።

ግን ግስ ቢሉት ውሸት ይሆን ነበር። «ሚ ክላማ» እሄዳለሁ ነው፤ ሴልብሪው ክላማ ነው፤ ግስ ይመስላል። «ታ ብላኑ» ያ ሰማያዊ ነው ማለት ነው፤ ሴልብሪው ብላኑ ነው፤ ይህ በእኛ ቅጽል ነው። «ታ ጌርኩ» ያ ውሻ ነው፤ ሴልብሪው ጌርኩ ነው፤ ውሻ ደግሞ ስም ነው። በአማርኛ ሁለተኛውና ሦስተኛው «ነው» ካልታከለበት አይቆሙም። ሎዥባን ውስጥ «ነው» የለም፤ አያስፈልግም። መሄድም፣ ሰማያዊ መሆንም፣ ውሻ መሆንም እኩል ግንኙነቶች ናቸው። ስምና ግስና ቅጽል ብሎ መለየት ራሱ የለም። ተማሪውን «ይህ ግስ ነው» ብለን ብንጀምርለት፣ በማግስቱ «ውሻም ግስ ነው» ልንለው ነው። ከዚያ ቢደነግጥ የባሰ ነው። ስለዚህ እኔ በምርጫቸው እስማማለሁ። አዲስ ነገር አዲስ ስም ይገባዋል።

ነገሩ ከሎዥባን በፊት የት ነበር ብለን ደግሞ እንጠይቅ። ቃሉ የ1987 ሰዎች ሥራ ነው። ሐሳቡ ግን የነሱ አይደለም። በሎጂክ ትምህርት «ፕሬዲኬት» የሚባለው ነገር ነው።

ፕሬዲኬት ከላቲን ነው፤ በአደባባይ ማወጅ ማለት ነው። ላቲኖቹ ግን ይህንን የሎጂክ ትርጉም የሰጡት አርስጣጣሊስን ለመተርጎም ነው። አርስጣጣሊስ «ካቴጎሪያ» ብሎ ነበር። ዛሬ «ካቴጎሪ» እየተባለ የሚጠራው ነው፤ ምድብ ማለት ሆኗል። በእሱ ዘመን ካቴጎሪያ የአቴንስ ፍርድ ቤት ቃል ነበር። ትርጉሙ ክስ ነው። ከሳሹ ቆሞ «ይህ ሰው እንዲህ አድርጓል» ይላል። አርስጣጣሊስ ያንን ወስዶ ስለ አንድ ነገር አንድ ነገር መናገርን ሁሉ በሱ ሰየመው። ሰው እንስሳ ነው ስንል ስለ ሰው አንድ ነገር ተናገርን፤ እንደ ከሳሹ ጣት ቀሰርን።

አስቡት እንግዲህ። ኢስፔራንቶ በስህተት የወረሰው ክስ ነበር። የሎዥባኑ ሐሳብ ደግሞ ያለ ስህተት፣ እውነተኛ ክስ ውስጥ ነው የጀመረው። ሁለቱም መንገዶች አንድ ችሎት ውስጥ ይገናኛሉ። ይህንን ሳስብ የሰው ልጅ ስለ ቋንቋ ማሰብ የጀመረው ሲከራከር ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በአገራችን የበላ ልበልሃን ሙግት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ከአርስጣጣሊስ በኋላ ለረጅም ዘመን አረፍተ ነገር ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ የሚነገርለትና የሚነገረው። በ1879 ጎትሎብ ፍሬገ የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ይህንን ሰበረው። ግንኙነቱ መሀል ላይ ይቁም፤ ተሳታፊዎቹ አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም ይሁኑ አለ። አልማዝ ብቻ ልዩ ባለቤት አይደለችም፤ መጽሐፉም ከበደም እኩል ተሳታፊ ናቸው። የሎዥባን ወንበሮች የመጡት ከዚህ ነው። በሎዥባን ተሳታፊው «ሱምቲ» ይባላል። ባለቤትና ተሳቢ ብሎ መለየት የለም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው የብሪዲ ሦስተኛው ቦታ ተሳታፊዎቹን በአንድነት የሚይዘው። ከቅድሙ መንገድ ቀጥላችሁ ስሙን ራሳችሁ ልታወጡለት ትችላላችሁ። ሦስተኛው ከሆነ ቴር ነው፤ ብሪ ይጨመራል፤ ቴርብሪ። ቃሉ በእርግጥ አለ፤ ሎዥባን ተናጋሪዎች ይጠቀሙበታል። ሴልብሪን ያህል ግን አይዘወተርም። ብዙዎቹ ሱምቲ ማለት ይቀላቸዋል።

የመጨረሻዋ ነገር ስለ ሴ ናት፤ ይህን ሁሉ ሥራ ስለምትሠራው ትንሽ ቃል። እሷ ራሷ ሽማቮ ናት። ሽማቮዎች በሰዋስው መደብ ይከፈላሉ። ሽማቮ የሚለው ቃልም ሁለተኛ ቦታ አለው፤ ቃሉ የሚገኝበት መደብ። ስለዚህ መደቡ «ሴልማሆ» ይባላል፤ ያቺው ሴል መጣች ማለት ነው። በሎዥባን ልማድ ደግሞ እያንዳንዱ መደብ የሚጠራው ከአባላቱ በአንዱ ስም ነው። ሴ፣ ቴ፣ ቬ እና ኼ ያሉበት መደብ የተሰየመው በሴ ነው። ሴ የምትገኝበት ሴልማሆ፣ ሴ ይባላል።

ጥያቄ ያላችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።